ጥላና ፍርድ፦ የፍሪትዝ ላንግ ሕይወትና የፊልም ኖይር የአሠራር ልማዶች

ፊልም ኖይር ወይም «ጥቁር ፊልም» የሚለው ስያሜ ሲነሣ አብዛኛው የፊልም ተማሪ በቅድሚያ የሚያስበው የምስሉን መልክ ነው፤ ዝናብ ያረጠበው አስፋልት፣ ግማሽ ፊቱ በጥላ የተሸፈነ ባለ ባርኔጣ፣ በመስኮት መጋረጃ ስንጥቆች አልፎ ግድግዳ ላይ የተሸነሸነ ብርሃን፣ በሲጋራ ጭስ መካከል የቆመች ሴት። እነዚህ ምልክቶች በቀላሉ ይቀዳሉ። አንዱን መብራት በጎን አስቀምጦ ሌላውን ማጥፋት ለማንኛውም ጀማሪ የሚቻል ነው። በተማሪዎች ፊልሞች ውስጥ ግን ጥላው ብዙውን ጊዜ ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ምን እንደሚሸሽግ፣ ማንን እንደሚከስ፣ ተመልካቹን በየትኛው ወገን እንደሚያቆም አይታወቅም። ይህ ጽሑፍ የፍሪትዝ ላንግን ሕይወትና ዋና ዋና ሥራዎች በመከተል፣ የኖይር ልማዶች በእርሱ እጅ ማስረጃን የማቅረቢያና የመንፈጊያ መሣሪያዎች እንደነበሩ ለማሳየት ይሞክራል። ላንግ በሁለት አህጉራት ሲሠራ አንድ ጥያቄ አልተለየውም፤ በዐይናችን አየነው የምንለው ነገር አንድን ሰው ጥፋተኛ ለማለት ይበቃልን? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪትዝ ላንግ በዲሴምበር 5 ቀን 1890 በቪየና ተወለደ። አባቱ በግንባታ ሥራ የተሰማራ ሰው ነበር፤ እናቱ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዳ ኋላ ወደ ካቶሊክ እምነት የገባች ስትሆን፣ ልጇም በካቶሊክ ሥርዓት አደገ። ወጣቱ ላንግ የአባቱን ሙያ እንዲከተል ታስቦ በቪየና ቴክኒክ ትምህርት ቤት የምህንድስና ትምህርት ቢጀምርም ብዙ ሳይቆይ ትቶት ወደ ሥዕል አዘነበለ፤ አገር ለአገር ዞረ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊትም በፓሪስ ሥዕል ያጠና ነበር። ይህ የሁለት ሙያ ጅማሬ በኋለኛው ሥራው ላይ በግልጽ ይታያል። ላንግ ትዕይንትን ከመቅረጹ በፊት የቤቱን ወለል ንድፍ አስቀምጦ ካሜራው የሚቆምበትንና ተዋናዩ የሚራመድበትን መስመር አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ነበር። በእርሱ ፊልሞች ውስጥ በር፣ ደረጃና መስኮት የዕጣ ፈንታን መንገድ የሚወስኑ የግንባታ ክፍሎች ናቸው።

ጦርነቱ ሲነሣ በኦስትሪያ ጦር ውስጥ ገብቶ ተዋጋ፤ ደጋግሞም ቆሰለ፤ የቀኝ ዐይኑ እይታም ተጎዳ። በኋላ መለያው የሆነው ባለ አንድ ዐይን መነጽር ከዚህ ጋር ተያይዞ ይጠቀሳል። አንዳንድ ጸሐፊዎች የምስሎቹን ጠፍጣፋና ጂኦሜትሪያዊ ባሕርይ ከዚህ ጉዳት ለማምጣት ይሞክራሉ፤ ማራኪ ግምት ቢሆንም የሚያስፈልግ አይደለም፤ የሥዕልና የንድፍ ትምህርቱ በራሱ በቂ ምክንያት ነው። የተሻለ የሚያስተማምነው ሌላው እውነታ ነው፤ ላንግ ለፊልም መጻፍ የጀመረው ከቁስሉ በሚያገግምበት ጊዜ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ፕሮዲውሰሩ ኤሪክ ፖመር ወደሚመራው የበርሊን የፊልም ኩባንያ ገባ።

የበርሊን ዓመታት በሥራ የበለጸጉ፣ በግል ሕይወት ግን የጨለሙ ነበሩ። የመጀመሪያ ሚስቱ ሊዛ ሮዘንታል በ1920ዎቹ መባቻ በቤታቸው ውስጥ በጥይት ተመትታ ሞተች። ላንግ በዚያን ጊዜ ከደራሲዋ ቴያ ፎን ሃርቡ ጋር የፍቅር ግንኙነት ጀምሮ ነበር፤ በ1922 ዓ.ም. አገባት። የሊዛ አሟሟት እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልጠራም፤ ላንግም በሕይወት ዘመኑ ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ አልተናገረም። ፊልሞቹን በሙሉ በዚህ አንድ ክፍል ውስጥ በተተኮሰ ጥይት ለመተርጎም የሚደረገው ጥረት ተገቢ አይደለም፤ የአርባ ዓመት ሥራን ወደ አንድ ምሥጢር ማጥበብ ይሆናል። ይሁን እንጂ በጥርጣሬ ውስጥ ያለፈ ሰው የመርማሪ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም ማለት ይቻላል።

ከሃርቡ ጋር በመተባበር «ዶክተር ማቡዜ»ን (1922)፣ «ኒቤሉንገን»ን (1924)፣ «ሜትሮፖሊስ»ን (1927) ሠራ። «ሜትሮፖሊስ» በዓለም ዙሪያ ስሙን ያስጠራ ቢሆንም ለኖይር ታሪክ የበለጠ የሚጠቅመው ማቡዜ ነው። መልኩን የሚለዋውጥ ወንጀለኛ ከተማን ከስውር ሥፍራ ሆኖ ሲቆጣጠር የሚያሳየው ይህ ፊልም፣ ወንጀልን የአንድ ክፉ ሰው ተግባር ከማድረግ ይልቅ የከተማው አሠራር አካል አድርጎ ያቀርባል። ኋላ የአሜሪካ ፊልሞች የሚወርሱት አንዱ ቁም ነገር ይህ ነው።

በ1931 የቀረበው «ኤም» ግን በብዙ መልኩ የጽሑፉ እምብርት ነው፤ የላንግ የመጀመሪያ ድምፅ ያለው ፊልም ሲሆን ካሜራውን የያዘው ፍሪትዝ አርኖ ቫግነር ነው። ታሪኩ ሕፃናትን የሚገድል ሰው በአንድ የጀርመን ከተማ ውስጥ የሚፈጥረውን ሽብር ይከተላል። አንድ የፊልም ተማሪ የመክፈቻውን ክፍል ደጋግሞ ቢመለከት ከብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይልቅ ይማራል። አንዲት ትንሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኳሷን በአንድ ማስታወቂያ ላይ ታነጥራለች፤ ማስታወቂያው ነፍሰ ገዳዩን ለሚጠቁም ሽልማት እንደሚሰጥ የሚገልጽ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ የባለ ባርኔጣ ሰው ጥላ ያርፋል። ፊቱን አናይም። የተፈላጊውን ወንጀል በሚያትተው ጽሑፍ ላይ የወንጀለኛው ጥላ ሲወድቅ፣ ክሱና ተከሳሹ በአንድ ምስል ውስጥ ይገናኛሉ። ጥላው ውብ ስለሆነ አልተቀመጠም፤ ተመልካቹ ከልጅቷ አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ሊያስጠነቅቃት ግን እንዳይችል ነው።

ከዚያ በኋላ ግድያው አይታይም። እናት ልጇን ስትጣራ ድምፅዋ በባዶ ደረጃ ላይ፣ ልብስ በተሰጣበት ጣሪያ ሥር፣ ምሳ በቀረበበት ባዶ ሳህን ላይ ያልፋል። ከዚያም ኳሷ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተንከባልላ ትወጣለች፤ ከነፍሰ ገዳዩ የተገዛላት ፊኛ በስልክ ሽቦዎች ላይ ተይዞ ይንቀጠቀጣል። ባዶ ሥፍራን መቅረጽ ወጪ የለውም፤ ተዋናይ፣ ሜካፕ፣ ሰው ሠራሽ ደም አይፈልግም። የሚፈልገው ነገር ቢኖር ተመልካቹ የጎደለውን በራሱ እንዲሞላ የሚያስገድድ ቅደም ተከተል ነው። ድምፅንም ላንግ በዚሁ ዘዴ ተጠቀመበት። ነፍሰ ገዳዩ ከኤድቫርድ ግሪግ «ፔር ጊንት» የተወሰደ ዜማ ያፏጫል፤ ገዳዩን ሆኖ የተጫወተው ፒተር ሎሬ ማፏጨት ስለማይችል የሚሰማው የላንግ የራሱ ፉጨት መሆኑ በሰፊው ይነገራል። ወንጀለኛውንም በመጨረሻ የሚለየው በዐይኑ የሚያይ ምስክር አይደለም፤ ፉጨቱን የሚያስታውስ ዐይነ ሥውር ፊኛ ሻጭ ነው። ማየት ላይ በተመሠረተ ጥበብ ውስጥ ዋናውን ምስክር ዐይነ ሥውር ማድረግ ድፍረት ነበር።

የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ከዚህ ይከብዳል። የፖሊስ አዛዦችና የወንጀለኞች መሪዎች በየራሳቸው ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ አንድ ሰው አያያዝ ሲመክሩ፣ ላንግ ሁለቱን ስብሰባዎች እያፈራረቀ ያስተሳስራቸዋል፤ አንዱ የጀመረውን የእጅ እንቅስቃሴ ሌላው የሚጨርሰው እስኪመስል ድረስ። በመጨረሻም ሌቦችና ነፍሰ ገዳዮች በተተወ የአልኮል ፋብሪካ ምድር ቤት ችሎት ተቀምጠው በገዳዩ ላይ ይፈርዳሉ። ተመልካቹ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲያዝ የተመኘለት ሰው ከደቦ ፍርድ ፊት ሲንበረከክ ምኞቱን መልሶ እንዲመረምር ይገደዳል። ፊልሙ የታየው ናዚዎች ሥልጣን ከመያዛቸው ሁለት ዓመት ያህል በፊት መሆኑን ማስታወስ ለዚህ ትዕይንት ክብደት በቂ ነው።

በጃንዋሪ 1933 ሂትለር መራሔ መንግሥት ሆነ፤ በማርችም «የዶክተር ማቡዜ ኑዛዜ» የተባለው የላንግ ፊልም በጀርመን እንዳይታይ ታገደ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ላንግ በቃለ መጠይቆች ለዐሥርት ዓመታት ሲደጋግመው የኖረ ነው። እንደ ትረካው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ጎብልስ ቢሮው ድረስ አስጠርቶ የጀርመንን ፊልም እንዲመራ ይጠይቀዋል፤ ላንግ በመስኮቱ በኩል የሚታየውን ሰዓት እየተመለከተ ባንክ መዘጋቱን ይረዳል፤ በዚያው ምሽት ገንዘቡን ሁሉ ትቶ በባቡር ወደ ፓሪስ ይሸሻል። ታሪኩ ፍጹም የላንግ ትዕይንት ነው፤ ረጅም ኮሪደር፣ ሰዓት፣ ወጥመድ፣ ሽሽት። ችግሩ ከማስረጃ ጋር አለመስማማቱ ነው። በኋለኛ ዘመን የተመረመረው ፓስፖርቱ በዚያ ዓመት ከጀርመን ደጋግሞ ወጥቶ እንደተመለሰ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የወጣውም በጁላይ መጨረሻ ገደማ እንደነበር ያሳያል፤ በጎብልስ ማስታወሻ ውስጥም የዚያ ስብሰባ ወሬ የለም። ስደቱ እውነት ነው፤ ሥራውን፣ አገሩንና ትዳሩን ማጣቱም እውነት ነው። ከሃርቡ ጋር በዚያው ዓመት ተፋቱ፤ እርሷ በጀርመን ቀርታ ለዘመኑ የፊልም ኢንዱስትሪ መሥራቷን ቀጠለች። ላንግ የለወጠው የክስተቱን ቅንብር ነው፤ የወራት ማመንታትን ወደ አንድ ሌሊት አሳጠረው። የማስረጃን ተአማኒነት የሕይወቱ ርእስ ያደረገ ሰው ስለ ራሱ የሰጠው ምስክርነት በማኅተም ውድቅ መሆኑ ለታሪኩ አጥኚ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስለ ሌሎቹ ትዝታዎቹም ሲነገር ጥንቃቄ እንዲደረግ ያስገድዳል።

በፓሪስ አንድ ፊልም ሠርቶ በ1934 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያው ዘመን ቢሊ ዋይልደር፣ ሮበርት ሲዮድማክና ሌሎችም ከቪየናና ከበርሊን የፊልም መንደር የወጡ ስደተኞች ሆሊውድ ደረሱ። ኖይር የጀርመን ኤክስፕሬሽኒዝም ቅጂ ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ከእነዚህ ሰዎች ጉዞ የመነጨ ሲሆን ከፊል እውነት አለው። የጎደለው ነገር ግን ላንግ በአሜሪካ ያገኘው ነው፤ ፍርድ ቤቱ፣ ጋዜጣው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጁሪው። በኤም.ጂ.ኤም. ኩባንያ የተሠራው የመጀመሪያ የአሜሪካ ፊልሙ «ፊዩሪ» (1936) ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ሰው የታሰረበትን እስር ቤት ሕዝብ ሲያቃጥል ያሳያል። ሰውየው የተያዘው በኪሱ በተገኘ ኦቾሎኒና በአንድ አምስት ዶላር ኖት ምክንያት ነው፤ የሕግ ባለሙያዎች የአካባቢ ማስረጃ የሚሉት ዐይነት። ከእሳቱ በሕይወት ተርፎ ተደብቆ ሳለ ሃያ ሁለት ሰዎች እርሱን በመግደል ይከሰሳሉ። በችሎቱ ላይ የዜና ፊልም ይታያል፤ ምስሉ በየመሀሉ ቆሞ የእያንዳንዱን ክቡር ዜጋ ፊት በአውሬነቱ ቅጽበት ይይዛል። ፊልም ራሱ ምስክር ሆኖ የሚቀርብበት ይህ ትዕይንት ላንግ ስለ ሙያው የሰጠው ግልጽ መግለጫ ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የደቦ ፍርድ ሰለባዎች በአብዛኛው ጥቁሮች ሆነው ሳለ የፊልሙ ተጠቂ ነጭ መሆኑ ደግሞ ስቱዲዮው ካሜራው ወዴት እንዳይዞር ይፈልግ እንደነበር ያመለክታል።

«ዩ ኦንሊ ሊቭ ዋንስ» (1937) አንድ እርምጃ ይሄዳል። የባንክ ዘረፋው በዝናብና በጭስ መካከል፣ ፊቱን በጋዝ ጭንብል በሸፈነ ሰው ይፈጸማል። የቀድሞ እስረኛው ኤዲ አድርጎት ይሆን? ተመልካቹ አያውቅም፤ ጁሪውም እንዲሁ። ጁሪው ሲመክር አንድ የጋዜጣ ቢሮ ሦስት የፊት ገጾችን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አንዱ ነጻ መባሉን፣ ሌላው ጁሪው አለመስማማቱን፣ ሦስተኛው ጥፋተኛ መባሉን የሚያውጁ ናቸው። ፍርዱ ሲደርስ አንዱ ይመረጣል። በሞት ፍርደኛው ክፍል ውስጥ ደግሞ ከላይ የሚወርደው ኃይለኛ ብርሃን የብረት ዘንጎቹን ጥላ ወለሉ ላይ በሰፊው ይዘረጋዋል፤ ሰውየው በቤቱ ከታሰረው ይልቅ በጥላው የታሰረ ይመስላል። ዛሬ በየፊልሙ የሚታየው በመስኮት መጋረጃ የተሸነሸነ ብርሃን የዚህ ዘመድ ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ጥላው የተመልካቹን ጥርጣሬ መሸከሙ ነው፤ ሰውየውን ከዘንጎቹ በስተኋላ ያስቀመጥነው እኛም ጭምር ነን።

እዚህ ላይ ስለ መብራት ቴክኒክ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዘመኑ የተለመደው የስቱዲዮ አሠራር ሦስት መብራቶችን ይጠቀም ነበር፤ ፊትን የሚያበራ ዋና መብራት፣ ዋናው የፈጠረውን ጥላ የሚያለዝብ ሙሌት መብራት፣ ሰውየውን ከበስተጀርባው የሚለይ የኋላ መብራት። የኖይር መልክ በአብዛኛው የሚመጣው ሁለተኛውን በመቀነስ ወይም በማስወገድ ነው፤ ጥላው ሳይለዝብ ይቀራል። ጃኒ ፕሌስና ሎዌል ፒተርሰን በ1974 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት በዚህ ላይ የተዛባ ፍሬም፣ ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌንስ፣ በእውነተኛ ሌሊት የሚደረግ ቀረጻ ይጨመራሉ። ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ለተማሪ ግን አደገኛም ነው። ሙሌቱን ማጥፋት ማለት ከምስሉ ላይ መረጃን መቀነስ ማለት ነው፤ ተመልካቹ ምን እንዳያውቅ እንደተፈለገ ያልወሰነ ሰው የትኛውን መብራት እንደሚያጠፋ አያውቅም። ላንግ «ሚኒስትሪ ኦቭ ፊር» (1944) በተባለው ፊልሙ ይህን ወደ ጫፍ አድርሶታል። አንዲት ሴት በጨለማ ክፍል ውስጥ ሽጉጥ ይዛ ቆማለች፤ ወንድሟ በሩን ዘግቶ ይወጣል፤ ተኩስ ይሰማል፤ በበሩ ላይ በተከፈተች ቀዳዳ አንዲት የብርሃን ነጥብ ትገባለች። የሰውየው ሞት ያቺ ነጥብ ናት።

በ1944 የወጣው «ዘ ዉማን ኢን ዘ ዊንዶው» እና በ1945 የወጣው «ስካርሌት ስትሪት» እንደ መንትዮች ይታያሉ፤ ሁለቱንም የቀረጸው ሚልተን ክራስነር ሲሆን ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን፣ ጆአን ቤኔትና ዳን ዱርዬ በሁለቱም ተጫውተዋል። በመጀመሪያው አንድ የተከበረ መምህር በሱቅ መስኮት የተሰቀለ ሥዕል ሲመለከት፣ የሥዕሉ ሴት በመስተዋቱ ላይ ነጸብራቋ ታይቶ ከጎኑ ትቆማለች፤ ከዚያ ሌሊት ወዲያ ሰው ገድሎ አስከሬን ይሸሽጋል፤ ምርመራውን የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የቅርብ ጓደኛው ነው። መጨረሻው ሕልም ሆኖ መገኘቱ ብዙ ተቺዎችን አስቆጥቷል፤ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ከሚያዘው የዘመኑ የሳንሱር ደንብ ማምለጫ መሆኑም ግልጽ ነው። የተሠራበት መንገድ ግን ሊጠና የሚገባው ነው። ካሜራው ወደ መምህሩ ፊት ቀርቦ እንደገና ሲርቅ፣ ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ፣ ሠራተኞች ከበስተጀርባው ክፍሉን ለውጠዋል፤ ተዋናዩ ከላይ የደረበው ልብስም በቅጽበት ተገፍፎለታል። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ሞትና ንቃት በአንድ የካሜራ እንቅስቃሴ መካከል ተለዋወጡ።

«ስካርሌት ስትሪት» ላንግ ከጆአን ቤኔትና ከባለቤቷ ከፕሮዲውሰሩ ዎልተር ዌንገር ጋር ባቋቋመው ዳያና ፕሮዳክሽንስ የተሠራ በመሆኑ ከስቱዲዮ ጫና ይልቅ ነጻነት ነበረው። መነሻው ዣን ሬኗር በ1931 ፊልም ያደረገው ታሪክ ነው። ክሪስ ክሮስ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ታሪኩ የሚጀምረው ለ25 ዓመት አገልግሎቱ የወርቅ ሰዓት በተሸለመበት እራት ላይ ነው። ቀን በብረት ፍርግርግ በታጠረ መስኮት ኋላ የሌሎችን ገንዘብ ይቆጥራል፤ እሑድ ሥዕል ይሥላል፤ ሥዕሎቹ የርቀት ስሌት የላቸውም። ከኪቲ ጋር ሲገናኝ ገንዘብ መስረቅ ይጀምራል፤ ሥዕሎቹም በእርሷ ስም ተሸጠው ዝና ያገኛሉ። በመጨረሻ በበረዶ መፈርከሻ ሹል ብረት ይገድላታል፤ በወንጀሉ ተፈርዶበት በኤሌክትሪክ ወንበር የሚሞተው ግን ፍቅረኛዋ ጆኒ ነው። ጆኒ ሌላ ብዙ ጥፋት አለበት፤ ይህን አላደረገም።

በዚህ ፊልም ብርሃን የሚሠራውን ማስተዋል ይገባል። ከግድያው በኋላ ክሪስ በርካሽ ሆቴል ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው፤ ከውጪ ያለው የኒዮን መብራት እየበራና እየጠፋ ክፍሉን ያሳየዋል፣ ይሰውረዋል፤ የሁለቱ ሟቾች ድምፅ ከጨለማው ውስጥ ይመጣል። የመብራቱ መብራትና መጥፋት ታሪካዊ ምክንያት አለው፤ በመንገዱ ላይ ማስታወቂያ አለ። ይህ ቀላል የሚመስል ጥንቃቄ የላንግን ጥላ ከተራ ጥላ ይለየዋል፤ ብርሃኑ ከዓለሙ ውስጥ ካለ ነገር ይመነጫል፤ ትርጉሙ የሚመጣው በኋላ ነው። ክሪስ ራሱን ለመስቀል ይሞክራል፤ ያተርፉታል። ዓመታት አልፈው ጎዳና ላይ ወድቆ ሲኖር፣ እርሱ የሣለው የኪቲ ሥዕል በ10,000 ዶላር ተሽጦ ከጋለሪው ሲወጣ በአጠገቡ ያልፋል። ከዚያ በመንገዱ ላይ ያለው ሕዝብ ከምስሉ ይጠፋና እርሱ ብቻውን ይራመዳል።

የሆሊውድን የሳንሱር ደንብ የሚያስፈጽመው ቢሮ ፊልሙን አሳለፈው፤ የክሪስ ሕሊና ቅጣቱን ሰጥቶታል የሚል ትርጉም ስለተቀበለ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት ሳንሱር ግን በጃንዋሪ 1946 አገደው፤ አትላንታና ሚልዋኪም ተከተሉ። እገዳዎቹ ከጊዜ በኋላ ተነሡ። ሳንሱሮቹን ያስቆጣው ደም ወይም እርቃን አልነበረም፤ ሕግ የተሳሳተውን ሰው ገድሎ ትክክለኛውን ሲያልፈው ታይቷል። በዚያው ዓመት በጋ በጦርነቱ ምክንያት የአሜሪካ ፊልም ሳያዩ የቆዩት የፓሪስ ሃያሲያን «ዘ ዉማን ኢን ዘ ዊንዶው»ን ጨምሮ ጥቂት ፊልሞችን በተከታታይ ተመለከቱ፤ ኒኖ ፍራንክም በኦገስት 1946 ባወጣው ጽሑፍ ፊልም ኖይር የሚለውን ስያሜ ለአዲሱ የአሜሪካ የወንጀል ፊልም ሰጠ። ላንግ እነዚህን ሲሠራ የዚህን ዘውግ ስም አያውቅም ነበር፤ ያሟላው የደንብ ዝርዝርም አልነበረውም።

የዳያና ኩባንያ በሚቀጥለው ፊልም ኪሳራ ምክንያት ፈረሰ። ላንግ በሥራ ቦታ ጨካኝ መሆኑም አልጠቀመውም፤ ተዋናዮችን በተደጋጋሚ ቀረጻ የሚያደክም፣ ቴክኒሻኖችን የሚያዋርድ ሰው እንደነበር አብረውት የሠሩት በተደጋጋሚ መስክረዋል፤ ሄንሪ ፎንዳ ጥላቻውን አልሸሸገም። የጥራት ፍላጎት ለዚህ ምክንያት ተደርጎ ይቀርባል። በጥቂት ቀናትና በትንሽ በጀት የተሠሩት የኋለኞቹ ፊልሞቹ ከቀደሙት ብዙም አለማነሳቸው ግን ጭካኔው ለጥራቱ አስፈላጊ እንዳልነበረ ያሳያል።

ከኋለኞቹ ዋነኛው በኮሎምቢያ የተሠራው «ዘ ቢግ ሂት» (1953) ነው። ኖይርን በጥላ ብዛት የሚለካ ሰው በዚህ ፊልም ይደናገራል፤ ብዙው ክፍል ግራጫና ግልጽ ብርሃን ያለው ነው። የመጀመሪያው ምስል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሽጉጥ ነው፤ አንድ እጅ ያነሣዋል፤ ተኩስ ይሰማል፤ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ራሱን ገድሏል። ሚስቱ ከደረጃው ወርዳ አስከሬኑን ትመለከታለች፤ አታለቅስም፤ የተወውን ደብዳቤ አንብባ ለከተማው የወንጀል አለቃ ስልክ ትደውላለች። ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከተማው በማን እጅ እንዳለ ታውቋል። መርማሪው ባኒየን ግን ብሩህ ወጥ ቤት፣ ሳቂታ ሚስት፣ ሕፃን ልጅ አለው። ለእርሱ የተጠመደው ቦምብ ሚስቱን ሲገድል ፍንዳታው የሚታየው በቤቱ መስኮት በኩል እንደ ብልጭታ ነው። በኋላ ያ ቤት ባዶውን ሲታይ ከማንኛውም ጨለማ ጎዳና ይልቅ ይከብዳል።

የፈላ ቡና በዴቢ ፊት ላይ የሚደፋበት ትዕይንት በዘመኑ እጅግ አነጋጋሪ ነበር፤ ብዙ ተመልካች እንዳየው አድርጎ ያስታውሰዋል። አልታየም። ቡናው ሲፈላ እናያለን፤ ሰውየው ማንቆርቆሪያውን ያነሣል፤ ጩኸት ከፍሬም ውጪ ይሰማል። በ1931 የኳሷን መንከባለል ያሳየው ሰው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ዘዴ እየተጠቀመ ነው። ዴቢ ከዚያ በኋላ ግማሽ ፊቷ በፋሻ ተሸፍኖ ትታያለች፤ በተለመደው ኖይር ግማሽ ፊትን የሚሸፍነው ጥላ እዚህ ቁስል ሆኗል። ወንዶችን የምታጠፋ ሴት የሚለው የዘውጉ የታወቀ ገጸ ባሕርይም ተገልብጧል፤ በፊልሙ የሚጠፉት ሴቶች ናቸው፤ ባኒየን ከፍትሕ ፍለጋው ጋር የነካቸው ሴቶች አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ እርሱ ግን ተመልሶ ከቢሮ ጠረጴዛው ኋላ ይቀመጣል።

በ1956 የወጣው «ቢዮንድ ኤ ሪዝነብል ዳውት» የላንግ የመጨረሻ የአሜሪካ ፊልም ሆነ። አንድ ጸሐፊ የሞት ቅጣት ንጹሕ ሰውን ሊገድል እንደሚችል ለማረጋገጥ በራሱ ላይ የሐሰት ማስረጃ ይፈበርካል፤ መጨረሻ ላይ ግን ገዳዩ እርሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። በፊልሙ ውስጥ የኖይር ጥላ ከሞላ ጎደል የለም፤ መብራቱ እንደ ቢሮ መብራት ደረቅ ነው፤ ተመልካቹ የሚታለለው ሁሉም ነገር በግልጽ ስለታየው ነው። የባቡሩን ሌሊት ታሪክ ደጋግሞ ይተርክ የነበረው ሰው፣ በጥንቃቄ የተቀነባበረ ማስረጃ እንዴት እንደሚያሳምን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

ላንግ ወደ ጀርመን ተመልሶ በ1960 የማቡዜን ሦስተኛ ታሪክ ሠራ፤ በእያንዳንዱ ክፍል የተሰወረ ካሜራ ባለበት ሆቴል ውስጥ የሚካሄድ ነው። በ1963 በዣን ሉክ ጎዳር ፊልም ውስጥ ራሱን ሆኖ ታየ። ከዚያ በኋላ ፊልም አልሠራም፤ ዐይኑ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ማየት ተስኖት ነበር። በኦገስት 2 ቀን 1976 በቤቨርሊ ሂልስ በ85 ዓመቱ ሞተ።